በመስመሩ

ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ፣
በብርድ ልብስ ታስሮ፣ በካርቶን ተሸፍኖ፣
በዝናብ ገባና ፈረንጅ አራዳ፣
ቆመ ወጥ ቤታችን እንደ ክቡር እንግዳ።

ባለ ሁለት በር ነው፣ ብረቱ አይዝጌ፤
አመድና ሽቦ ከጓሮ ፈልጌ፣
አዌቱ ዳር ድሮ ድስት እንደ ፈተግሁት፣
ክብ ክብ እያደረግሁ በጉልበት አሸሁት።
ሲደርቅ ጉድ ፈላ፤ ድመት የቧጨረው
መሰለ ያ ዕቃ፣ አንድ ሌት ያላደረው።

አቶ ይርዳው መጡ፤ አዩት፤ አዩኝ፤ ወጡ።
ከደሞዜ ላይ ግን ሦስት ወር ቆረጡ።

ሸምሲያ ናት ያኔ፣ የወጥ ቤት አለቃ፣
እጄን ይዛ ወሰደች፣ ሳቋን በግድ አምቃ፦

«ቅረቢ። በጎን እዪው፣ ከመስኮቱ በኩል።
ብረትም ጠጉር አለው፤ ወደ አንድ ጎን ይተኛል።
የዚህኛው ቁልቁል ነው። አንቺም ቁልቁል ሂጂ።
ለብ ያለ ውሃ፣ የሳሙና ጠብታ፣
ያረጀ ካናቴራ። ሽቦውን ጣይልኝ!
በረኪና እንዳታስነኪው።
ከዚያ ቶሎ በደረቅ ጨርቅ፤
ውሃችን የፈረቃ ነው፣ በርሜል ውስጥ ያደረ፣
ራሱ ላይ ከደረቀ ነጭ ጠባሳ ይተዋል።
መጨረሻ ዘይት፤ ጨርቁ ላይ፣ አንድ ጠብታ፤
ጸጉርሽን አይደለም የምትቀቢው!»

ቁልቁል መሄድ ለመድሁ።
ከአራተኛ ክፍል የተውሁትን ንባብ
በሩ ላይ ቀጠልሁት፣ በወዝና በላብ።
ይሄ የፈድሉ ነው፣ አስተናጋጁ ልጅ፤
በትከሻው እንጂ በር አይዘጋም በእጅ።
ይሄ የሸምሲያ፣ በርበሬ የነካው፤
ይሄ የአቶ ይርዳው አውራ ጣት፣ ሰፊው፣
ዕለት ዕለት መጥቶ ብርዱን የሚለካው።
ዝቅ ብሎ ደግሞ፣ ከጉልበቴ በላይ፣
የሸምሲያ ልጅ አፍንጫ፣ ፊቷን ቀርባ ስታይ።

ሐምሌ ነው። ሌሊቱን ዝናብ ሲወርድ አድሮ፣
ጧት ስገባ አንድ እጅ በሩ ላይ ተሰድሮ፦
አውራ ጣት። ከዚያ ባዶ ስፍራ። ከዚያ ሦስት ጣት።

የአባ ጨብሳ እጅ ናት፤ ቆጪ ጣውላ ሲሰነጥቅ
ሌባ ጣቱን መጋዝ በላው፤ ማን ከማን ይደበቅ?
ሌባ ጣት የሌለው ሌባ! ልስቅ አልሁ፤ አልሳቅሁም።
የጮማው ወዝ ትኩስ ነው፤ እጀታው አልደረቀም።

«ሁለት ኪሎ ጎድሏል። ሌሊት ማን ከፈተው?»
አቶ ይርዳው ናቸው፤ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ፣
ውሃው ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ።

ጨርቄ እጄ ላይ ነበር።
ከላይ ወደ ታች፣
ከላይ ወደ ታች፣
አውራ ጣቱ ሄደ፣ መሐል ጣቱ ሄደ፣
የቀለበት ጣቱ፣ ትንሿም ተከተለች፣
የሌለችውም ሄደች።
«እኔ እንጃ፣» አልኋቸው፣ «አሁን ነው የወለወልሁት።
ምንም የለበትም፤ ይዩት።»
አዩት። ራሳቸውን አዩ።
ጢማቸውን በአውራ ጣት አስተካክለው ወጡ።

ለአባ ጨብሳ አልነገርሁም፤ እሱም አልጠየቀኝ።
ማታ በር ላይ ሳልፍ ብቻ፣
የዘበኛ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣
ቀኝ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ፣
ስለ ዝናቡ ብዙ አወራኝ፤
ስለ አዌቱ መሙላት፣ ስለ ድልድዩ፣
ዘንድሮ ጣሪያ ስላፈሰሰባቸው ልጆቹ።
እኔም ስለ ዝናቡ መለስሁለት።

በማግስቱ ገባሁ። «አካም ቡልቴ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።
በሩን አየሁት፦
ጣት የለ፣ ወዝ የለ፣ ጭጋግ እንኳ የለ።
ሰው ወልውሎት አድሯል።
ግን በአግድም።
ከመስኮቱ በኩል በጎን ቆሜ ሳየው፣
የሳሙናው መንገድ ከግራ ወደ ቀኝ፣
ከቀኝ ወደ ግራ፣
በአራት ጣት ስፋት።

ሥጋውን አልቆጠርሁም።
ውሃ ለብ አደረግሁ፣
ካናቴራውን ጨመቅሁ፣
ያቺን የጥንት ጭረቴን እንደ ዘመድ አለፍኋትና
ከላይ ጀመርሁ።